የእትዬ ካም አፍንጫ ነበርኩ

እትዬ ካም ማረፋቸውን የሰማሁት በረመዳን ሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የመኪናዬን ጎማ ላስቀይር ተሰልፌ ሳለ ነው። ልጃቸው ኖይ ቴክስት አደረገችልኝ። «እማዬ ዛሬ ንጋት ላይ አረፈች። አልተሰቃየችም» ይላል። «ኢና ሊላሂ» አልኩ ብቻዬን። ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ አልንቀሳቀስም ስላልኩት ጥሩንባውን ለቀቀብኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ወርጄ ልክ ልኩን እነግረው ነበር። ያን ቀን ግን መኪናዬን ዳር አስያዝኩና ሞተሩን አጥፍቼ ቁጭ አልኩ።

ሚስቴ ራህማ ማታ ላይ ሰው ኮል እያደረገ ሲጠይቃት «አብራው ትሠራ የነበረች አሮጊት ሞታበት ነው» ትላለች። ውሸት አይደለም። ግን አብሮ መሥራትማ ከስንቱ ጋር ሠርቻለሁ! ከነዚያ ከሁሉ ስማቸውን የማስታውሰው ሦስቱን አይሞላም። እኔ ለእትዬ ካም አፍንጫቸው ነበርኩ። ይሄ እንዴት እንደሆነ በስልክ የሚነገር አይደለም፤ ስለዚህ ከመነሻው ልንገራችሁ።

አሜሪካ መጥቼ ኮሎምበስ ከገባሁ ጀምሮ እንጀራዬ መንዳት ነበር። ሰው ከኤርፖርት ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ኤርፖርት። በ2020 ኮሮና ገብቶ አውሮፕላኑ ባዶውን መብረር ሲጀምር ሌይ ኦፍ አደረጉን። እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አላውቅም፤ ምግብ ዴሊቨር ማድረግ ጀመርኩ። ከቤክስሊ ወደ ምሥራቅ አለፍ ብሎ አንዲት ጠባብ የላኦስ ምግብ ቤት ነበረች። ላኦስ ከታይላንድ ጎን ያለች አገር ናት፤ እኔም እስከዚያ ቀን ስሟን ሰምቼ አላውቅም። ባለቤቷ ኖይ ትባላለች፤ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ቁጥብ፣ ነገር የማታበዛ ሴት። አንድ ቀን የታዘዘውን ምግብ በር ላይ ስታቀብለኝ «አንተ ሁሌ በሰዓትህ ትመጣለህ» አለችኝ። «ኪችን ውስጥ ሰው ጎድሎብኛል። ትሠራለህ?»

«እሠራለሁ» አልኳት፤ «ግን ሙስሊም ነኝ። አሳማ የነካው ድስት አልነካም።»

ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው እናቴ ዘንድ ግባ» አለች። «እዚያ ጥግ ሩዝ እንጂ ሌላ ነገር አይደርስም።»

እንግዲህ ቤቴ ውስጥ ሻይ አፍልቼ የማላውቅ የደሴ ልጅ፣ በአርባ ሦስት ዓመቴ ሽርጥ ታጥቄ ሩዝ ልማር ገባሁ። ራህማ መጀመሪያ አላመነችም። ካመነች በኋላ ለእህቷ ኮል አድርጋ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳቁብኝ።

እትዬ ካም ሰባውን ያለፉ፣ ቁመታቸው ደረቴ የማይደርስ ሴት ነበሩ። ምድጃው ስለሚረዝምባቸው የወተት ሳጥን ገልብጠው ይቆሙበታል። የአገራቸው ሰው ሁሉ «ሜ ካም» ይላቸዋል፤ ሜ ማለት እናት ነው። እኔ አፌ ሜ ማለት እምቢ ሲለኝ በገዛ ቋንቋዬ እትዬ ካም አልኳቸው። «እትዬ ምንድን ነው?» አሉኝ። «ለታላቅ ሴት የሚባል ነው» ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ተቀበሉት። የሳቸው እንግሊዝኛና የኔ እንግሊዝኛ ተደምሮ አንድ ሰው በቅጡ አያግባባም፤ እኛ ግን ተግባብተናል። እዚህ ያሉትን ሁሉ በአማርኛ የምጽፈው እንደገባኝ ነው።

ሩዙ የምናውቀው ሩዝ አይደለም። ጥሬው እንደ ኖራ የነጣ፣ ሲበስል እርስ በርሱ የሚያያዝ፣ በእጅ እየቆነጠሩ፣ እያድበለበሉ፣ ማባያ እያጠቀሱ የሚበሉት ነው። በእጅ መብላቱ ገና በመጀመሪያው ቀን አስደሰተኝ፤ ሹካ ይዤ የምጨነቅበት አልሆነም። ሌሊቱን በውሃ ተነክሮ ያድራል። ጠዋት ይጠነፈፋል። ከዚያ ከቀርከሃ በተሠራ፣ ታቹ በሾለ ቅርጫት ውስጥ ይደረግና ወገቡ ጠበብ ባለ የውሃ ድስት አፍ ላይ ይሰካል። ከላይ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ውሃው ከታች ይፈላል፣ ሩዙ ከላይ ይበስላል፣ ሁለቱ አይገናኙም።

«ውሃው አይንካው» ይሉኝ ነበር እትዬ ካም ጣታቸውን እያወዛወዙ። «ትንፋሹ ብቻ ይንካው።»

ግማሽ ሲበስል ደግሞ መገልበጥ አለበት። ማማሰያ የለ፣ ማንኪያ የለ። ቅርጫቱን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ሰፌድ ብድግ ያደርጉትና ሩዙ ሁሉ እንደ አንድ ድፎ ዳቦ አየር ላይ ዞሮ በጀርባው ይወድቃል። እኔ መጀመሪያ የሞከርኩት ቀን ግማሹ ቅርጫቱ ውስጥ፣ ግማሹ ጫማዬ ላይ አረፈ። «ወለሉም ርቦት ነበር» አሉኝ። ሲበስል ሰፊ ጣውላ ላይ ይዘረገፋል፣ በእንጨት መቅዘፊያ እየተገላበጠ እንፋሎቱ ይወጣለታል፣ ከዚያ ክዳን ባላቸው ትንንሽ የቀርከሃ ሙዳዮች ይገባል። እንፋሎቱ ሳይወጣለት ሙዳይ የገባ ሩዝ ያላብና ይላቁጣል። በደንብ የተሠራው ግን እጅ ላይ አይቀርም።

ኖይ ለእናቷ ሰዓት የሚቆጥር መሣሪያ ገዝታ ግድግዳው ላይ ሰቅላላቸው ነበር። እትዬ ካም ኮፍያቸውን ሰቀሉበት። እሳቸው ሰዓት አያዩም። ሳጥናቸው ላይ ቆመው ዓይናቸውን ይጨፍኑና ያሸታሉ። «አሁን» ይላሉ። አሁን ነው ማለት ነው፤ ተሳስተው አላየሁም።

ከሚበስለው መጀመሪያ አንድ ሙዳይ የመነኮሳት ነው። በየማለዳው ኖይ ወይም ሌላ ሰው ወደ ቤተ መቅደሳቸው ያደርሰዋል። ከዚያ ሙዳይ ማንም አይቀምስም፤ መነኮሳቱ ሳይበሉ ቀድሞ አፍ ማስገባት ነውር ነው። እትዬ ካም አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ፣ አርባ ዓመት ገደማ፣ ታመው ካልተኙ በስተቀር ይቺን ሙዳይ አጉድለው አያውቁም ነበር። በአገራቸው ሰው ዘንድ የሚታወቁትም በዚህ ነው። የእገሌ ሚስት፣ የእገሌ እናት አይባሉም። ባለ ሩዟ ካም ናቸው።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ኮሮና ኪችኑን ሁሉ ጠረገው። እኔን አራት ቀን አንገላቶ ተወኝ። እትዬ ካም ወር ያህል ተኙ። ጥር መጨረሻ ላይ ሲመለሱ ከስተዋል፣ ቢሆንም ሳጥናቸው ላይ ወጥተው ቆሙ። ኖይ ግን አልተደሰተችም። ከድሮም «ሬስት አድርጊ» ትላቸው ነበር፤ አሁን አጥብቃ ያዘችው። ፒከሪንግተን ያለው ቤቷ ሰፊ ነው፣ ሙቅ ነው፣ ቲቪ አለው። ቀን ግን ሰው የለበትም። በእግር ወጥቶ የሚደረስበት ጎረቤትም የለ።

«እዚያ ቤት ስውል ሶፋ ነኝ» አሉኝ አንድ ቀን። «እዚህ ስመጣ ሰው ነኝ።»

የካቲት ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ከጓሮ ዕቃ አስገብቼ ስመለስ ኪችኑ እንጨት እንጨት ይሸታል። ድስቱ ውስጥ ያለው ውሃ አልቆ የቅርጫቱ ታች እያረረ ነው። እትዬ ካም እላዩ ላይ ጎንበስ ብለው፣ አፍንጫቸው ከጭሱ አንድ ስንዝር ርቆ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ። ሮጬ እሳቱን አጠፋሁት። ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ፣ ያረረውን አዩ፣ እንደገና አዩኝ።

«ምንም አይሸትዎትም?» አልኳቸው።

«ከታኅሣሥ ጀምሮ» አሉ። ከዚያ እጄን ያዙኝ። ያን ያህል ጊዜ አብረን ስንሠራ እጄን ይዘውኝ አያውቁም። «ለኖይ አትንገራት። ካወቀች ከዚህ ታስወጣኛለች።»

ምን ልበል? ኖይ አሠሪዬ ናት፣ ጥሩ ሰው ናት፣ የምትሰጋውም በከንቱ አልነበረም። ግን አሮጊቷ አንጀቴን በሉት። «ወላሂ አልናገርም» አልኩ። ሳላስብ መማል ልማዴ ነው፤ በኋላ የሚበላኝም እሱ ነው።

እንዲህ ሆኜ ነው አፍንጫቸው የሆንኩት። ሩዙ እሳት ላይ ሲሆን አጠገባቸው እቆማለሁ። ጣታቸውን አፍንጫቸው ላይ ያደርጋሉ። «ምን ምን ይላል?» ማለት ነው። እኔ ደግሞ በእንግሊዝኛ የሽታ ስም ከየት ላምጣ? ያገኘሁትን እላለሁ። «እርጥብ ገለባ» እላለሁ፤ ገለባን በእጄ አሳያለሁ። «ቆይ» ይላሉ። «የተቆላ ገብስ» እላለሁ። «አለፈ! አውጣው!» ብለው ይጮኻሉ። ሲደርስ፣ ቀለል ያለ ጣፋጭ ሽታ ሲመጣ፣ ሌላ አላገኘሁለትምና «እሸት» አልኳቸው፤ እንደ ተቀቀለ የበቆሎ እሸት ነው የሚሸተው። ሩዙን አውጥተው ቀመሱ፤ ምላሳቸውም እንደ አፍንጫቸው ጠፍቶ ነበርና በጥርሳቸው እያዳመጡ ልክ መሆኑን አወቁ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ቃል ይበቃን ነበር። «ገና» እላለሁ፣ ይጠብቃሉ። «እሸት» እላለሁ፣ ያወርዳሉ። ሰው ካለ ደግሞ አልናገርም፣ ዓይኔን አንዴ እጨፍንላቸዋለሁ። ሁለት ወር በዚህ ኖርን። ማንም አላወቀብንም፤ እኔም ከኩራቴ የተነሳ ሩዝ የፈጠርኩ መስሎኝ ነበር።

በ2021 የላኦሶች አዲስ ዓመትና የረመዳን መግቢያ ገጠሙ። ለአዲስ ዓመት ለቤተ መቅደሱ ሁሉ የሚሆን ሩዝ የእትዬ ካም ድርሻ ነው፤ ብዙ ነው፣ በትልልቅ ባልዲ ይነከራል። ቀድመን እንጨርስ ብለን በዋዜማው ገና ከቀትር በፊት ነከርነው፤ ባልዲዎቹን ደግሞ ቦታ ጠቦን ምድጃው ጥግ ደረደርናቸው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ? በማግስቱ ማለዳ ልንጀምር ስንል ኖይ መጣች። ሰው እንዳይጨናነቅ ተብሎ ሥነ ሥርዓቱ ከማለዳ ወደ ረፋድ ተዛውሯል፣ ሩዙ ትኩስ እንዲደርስ ቆይታችሁ አብስሉ አለች። ቆየን። ባልዲው ሙቀቱ ውስጥ ቆየ።

ድሮ ቢሆን እትዬ ካም ባልዲው ላይ ጎንበስ ብለው አንዴ ይስቡና ውሃውን ያስቀይሩኝ ነበር። ያን ቀን ጣታቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ወደኔ ዞሩ።

ጎንበስ አልኩ። ለስለስ ያለ፣ ኮምጠጥ ያለ ሽታ አለው። እስቲ ፍረዱኝ! እኔ እናቴ ቤት ያደግኩት፣ ሚስቴም ቤት የምኖረው በዚህ ሽታ ነው። ሊጥ ሲደርስ የሚሸተው ሽታ ነው። እኛ ቤት ይሄ ሽታ ሲመጣ «ደርሷል፣ ተመስገን» ይባላል፤ ሲጠፋ ነው ጭቅጭቁ። እንዲያውም ዛሬስ ሩዙ ከወትሮው አምሮበታል ብዬ ነበር በልቤ። ሲበስልም ያው ሽታ ከእሸቱ ጋር ተደባልቆ መጣ። «እሸት» አልኳቸው። «በጣም እሸት።»

ልቅመሰው ቢባል እኔ ጾመኛ ነኝ። ራህማ ከቀናት በፊት «ምግብ የሚያበስል ሰው በምላሱ ጫፍ ቀምሶ መትፋት ይችላል ብለዋል ሼኩ» ብላኝ «ምን ቆርጦኝ! ጾሜን በሩዝ አላስነካም» ብዬ ተኮፍሼባታለሁ። እትዬ ካም እንዳይቀምሱ ሩዙ የመነኮሳት ነው፤ ቢቀምሱስ በየት ምላሳቸው! እኔ ክፉ አልሸተተኝም፣ እሳቸው አያሸቱም፣ ማንም አልቀመሰም። ኖይ ጭና ሄደች።

ከቀትር በኋላ ኖይ ተመለሰች። አንድ ሙዳይ ይዛለች። ኪችን ውስጥ እኔና እትዬ ካም ብቻ ነበርን። ክዳኑን አነሳችና ለእናቷ ዘረጋችው። እኔም እንድሰማ ይመስለኛል፣ በእንግሊዝኛ ነው የተናገረችው።

«እማዬ፣ አሽትቺው።»

እትዬ ካም ሙዳዩን ተቀብለው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ዓይናቸውን እንደ ድሮው ጨፈኑ። ከዚያ ገለጡና ቀስ ብለው፣ በኖይ ትከሻ በኩል፣ ወደኔ አዩ። ጣታቸው አፍንጫቸውን ነካ።

እኔ የቆምኩበት ድረስ ይሸተኛል። ያው የጠዋቱ ሽታ ነው፤ ጥሩ ሽታ። ኖይ በሌላ ነገር ተቆጥታ ነው፣ ሩዙስ ደህና ነው አልኩ። እና ዓይኔን አንዴ ጨፈንኩላቸው።

«ጥሩ ነው» አሉ እትዬ ካም ኮራ ብለው። «በጣም ጥሩ ሩዝ ነው።»

ኖይ ሙዳዩን ከእጃቸው ወሰደች። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። «እማዬ፣ ኮምጥጧል» አለች በመጨረሻ። «መኪና ውስጥ ሆኜ ይሸተኝ ነበር። መነኮሳቱ ዝም ብለው በሉት። ከቤተ መቅደስ የማይጠፉት ባለ መነጽሯ አሮጊት ግን ሰው ሁሉ ፊት የካም ሩዝ ኮመጠጠ አሉ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «እኔ ነኝ፣ ኖይ፣ እኔ ነኝ ጥሩ ነው ያልኳቸው፣ በኛ አገር ይሄ...» ብዬ መለፍለፍ ስጀምር እትዬ ካም መቅዘፊያውን አንስተው ዝም አሰኙኝ።

«እሱ ምንም አላደረገም» አሉ። «አፍንጫዬ ከታኅሣሥ ጀምሮ የለም። የደበቅሁሽ እኔ ነኝ።»

«አራት ወር?» አለች ኖይ። የወተት ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች። «አራት ወር ሙሉ እሳት ላይ ቆመሽ? ጋዝ ቢያፈስስ? ቢቃጠልስ?» እኔ ያን ያረረ ቅርጫት አስታወስኩና አንገቴን ደፋሁ። ኖይ ያለቀሰችው ስለ ሩዙ አልነበረም።

እትዬ ካም አልተከራከሩም። ሽርጣቸውን ፈቱ፣ አራት አጥፈው ጣውላው ላይ አኖሩት፣ ኮፍያቸውን ከሰዓቱ ላይ አንስተው ወደ ኖይ መኪና ሄዱ። ወደኔ ዞረው አላዩም።

ማታ ካፈጠርን በኋላ ለራህማ ነገርኳት። ሰምታ ሰምታ «አንተ ሰውዬ» አለችኝ፣ «ሩዝ ጤፍ ነው እንዴ?» ሌላ ጊዜ በዚህ ንግግሯ እንጣላ ነበር። ያን ቀን ግን እውነቷን ነው አልኩ። አሮጊቷን ከቦታቸው ያስነሳኋቸው እኔ ነኝ፤ በዚህ ላይ አልቀምስም ያለው ኩራቴ አለ።

በሳምንቱ የኤሌክትሪክ ማሽን መጣ። ሩዙ ሲበስል ይጮኻል። እውነቱን ለመናገር መጥፎ ሩዝ አያወጣም፤ የተማረረ ደንበኛም አልነበረም። ለቤተ መቅደስ ግን ከዚያ ወዲያ ከኛ ቤት ሙዳይ አልሄደም። ኖይ እንዲሄድ አላለችም፣ እኔም አልጠየቅሁ።

ዒድ ሲያልፍ የቀርከሃውን ቅርጫትና ድስቱን ይዤ ኖይ ፊት ቆምኩ። «ሰኞ ሰኞ እረፍት ነኝ። እናትሽ ዘንድ ልሂድ» አልኳት። ቅርጫቱን ረጅም ጊዜ አየችው። «ከቤት ውጭ፣ በረንዳው ላይ» አለች። «አንተ ካለህ ብቻ።»

ፒከሪንግተን ስደርስ እትዬ ካም የጠፋ ቲቪ ፊት ተቀምጠው አገኘኋቸው። ይቅርታ ልጠይቅ ስዘጋጅበት የሰነበትኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት። አስጨርሰውኝ «ዋሽተኸኛል?» አሉኝ።

«አልዋሸሁም። ጥሩ መስሎኝ ነው።»

«እንግዲያው አፍንጫህ ይማር» አሉና ተነሱ።

በሚቀጥለው ሰኞ ሦስት ጎድጓዳ ሳህን ደርድረው ጠበቁኝ። አንዱ ማታ የተነከረ ሩዝ ነው፣ አንዱ ከትናንት ጠዋት፣ አንዱ ከትናንት ወዲያ። ዓይኔን በጨርቅ አሰሩኝ። የትኛው የትኛው እንደሆነ እሳቸው በልባቸው ይዘዋል። «ይሄኛውስ?» «ጥሩ።» ጧ! በመቅዘፊያው እጄን። «ይሄስ?» «መጥፎ?» ጧ! ለአርባ ዓመት ጥሩ የተባልኩትን ሽታ መጥፎ ማለት መማር እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ራህማ ቤት ጥሩ የሆነው ፒከሪንግተን ላይ መጥፎ ነው። በጋው ሁሉ እጄ ቀልቶ ነው ወደ ቤቴ የምመለሰው። መስከረም ላይ ግን አንዱንም አልሳትኩም።

«በሉ እንግዲህ» አልኳቸው፣ «ሩዙን ሠርተን በኔ መኪና ቤተ መቅደስ እንውሰድ።»

እምቢ አሉ። ከዚያ ከአዲስ ዓመት ጀምሮ ወደዚያ ሄደው አያውቁም፤ መጀመሪያ በሽታ ፈራሁ አሉ፣ ቀጥሎ ጉልበቴን አሉ። ያን ቀን ግን እውነቱን ነገሩኝ። «ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ሩዝ ነው» አሉኝ። «አርባ ዓመት ያበሰልኩትን ረስተውታል። አሁን እኔ ሩዟ የኮመጠጠባት ካም ነኝ። በአንድ ተራ ማለዳ ይዤ ብገባ ማን ያያል? በአዲስ ዓመት ያፈርኩትን በአዲስ ዓመት እመልሰዋለሁ።»

ክረምቱን ሙሉ በረንዳው ላይ ካፖርት ደርበን ሩዝ ስናበስል ከረምን። አፍንጫቸው አልተመለሰም። ልባቸውም እየደከመ ሄደ፤ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ገቡ። ሲወጡ የሚጠይቁት «ስንት ቀን ቀረው?» ብለው ነው። ኖይም ተሸንፋ ለአዲስ ዓመቱ ኪችኑን ልትከፍትላቸው፣ ሳጥናቸው ላይም ሰው ደግፎ ሊያቆማቸው ተስማምተን ነበር።

ሦስት ቀን ሲቀረው አረፉ።

ያን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ኖይ ኮል አደረገችኝ። ቀብሩ ከአዲስ ዓመቱ ጋር በአንድ ቀን ሊሆን ነው፣ መነኮሳቱ ፈቅደዋል አለች።

«ሩዙን ማሽኑ ይሥራው ወይስ...» አለች።

«ማሽኑን እንዳትነኪው» አልኳት። አሠሪዬ ናት፤ ቁጣ ቁጣ ያለው አነጋገሬ ለራሴም ተሰማኝ። «እኔ አለሁ።»

በአዲስ ዓመቱ ዋዜማ ማታ ነከርኩ። ባልዲዎቹን ከምድጃው ርቄ በሩ አጠገብ፣ ብርዱ ጋ አኖርኳቸው። ማለዳ ገብቼ ውሃውን አሸተትኩ፤ ኮምጠጥ የሚል ነገር የለበትም። ቅርጫቱን ሰካሁ፣ ውሃው ሩዙን እንዳይነካው አስተካከልኩ፣ ገለበጥኩ፣ ቆምኩ። እሸቱ ሲመጣ አወረድኩ። እንፋሎቱን አስወጣሁለት። የመነኮሳቱን ድርሻ ሳልነካ በሙዳይ ለየሁ።

ግን አላመንኩትም። አፍንጫዬን ስንት ጊዜ ተመትቼ እንዳስተማርኩት አውቃለሁ፤ ቢሆንም አንዴ አዋርዶናል። ይሄ ደግሞ የሚደገም አይደለም፤ የእትዬ ካም የመጨረሻ ሩዝ ይሄ ነው። ከቀረው ቆንጠር አድርጌ አፌ አደረግኩት። ቀምሼ ልተፋ ነበር፤ ማጠቢያው ሁለት እርምጃ ነው። ጣፋጭ ነው። ንጹሕ ነው። ማጠቢያው ጋ ጎንበስ ብዬ ቆምኩ፣ ቆምኩ፣ የሳቸውን ሩዝ መትፋት አቃተኝ። ዋጥኩት። ጉዳዩ በኔና በጌታዬ መካከል ነው፤ ዒድ ካለፈ በኋላ ያፈረስኩትን ቀን በሌላ ቀን ጾሜ ቀዷውን አውጥቻለሁ።

ቤተ መቅደሱ ሞልቶ ነበር። እትዬ ካም በአበባ ተከበው ፊት ለፊት ተኝተዋል። መነኮሳቱ ከበሉ በኋላ ሙዳዮቹ ለሰው ዞሩ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ባለ መነጽሯን አሮጊት ብቻ ነበር የማየው። ከሙዳዩ ቆነጠሩ፣ አድበልብለው አፋቸው አደረጉ፣ ቀስ ብለው አላመጡ። እንደገና ቆነጠሩ። ከዚያ ወደ ኖይ ዞረው የሆነ ነገር ጠየቁ፣ ኖይ መለሰች፣ አሮጊቷም ሬሳ ሣጥኑን እያዩ አንድ ነገር ተናገሩ። አጠገባቸው ያሉት ሴቶች ራሳቸውን ነቀነቁ።

ኖይ ወደኔ ስትመጣ «ምን አሉ?» አልኳት።

«ማን አበሰለው አሉኝ። እማዬ ናት አልኳቸው።» ዓይኗን ጠረገች። «‹ካም ሩዟን አስተካክላ ሄደች› አሉ።»